አሰር ነው ያልኩት

የውሻ ክትባት ሰልፍ እንደ ሌላው ሰልፍ አይደለም። ሰዎቹ ተራ ይጠብቃሉ፣ ውሾቹ ደግሞ የቆየ ቂማቸውን ያወራርዳሉ። ከደባርቅ ወደ ሳንቃ በር በሚወጣው መንገድ ዳር ባለችው መንደር በዚያ ማለዳ የሆነውም ይኸው ነበር። የመንደሩ ውሻ የፓርኩን ቀይ ቀበሮ የእብድ ውሻ በሽታ እንዳያስይዝ ሁሉም ይከተብ ተብሎ፣ ሕዝቡ ውሻውን በገመድም በልመናም እየጎተተ ወጥቷል።

የምትከትበው ሠርካለም ነበረች። የዳባት ልጅ ናት፤ ደባርቅ ያለው የእንስሳት ጤና ክሊኒክ ከተመደበች ገና ዓመት አልሞላትም። ቀጠን ያለች፣ ፀጉሯን በሻሽ ጥብቅ አድርጋ የጠቀለለች፣ ውሻ ሲያጉረመርምባት መልሳ የምታጉረመርም ሴት ናት።

ተራው የደረሰው ወጣት ገመድ አልያዘም። ደረቱ የሰፋ፣ አንድ ጆሮው የተቀደደ ቡላ ውሻ ማንም ሳያዘው አጠገቡ ቁጭ ብሏል።

«ስሙ ማን ይባላል?» አለች ሠርካለም፣ መርፌውን እየሞላች።

«ምን አገባህ።»

መርፌውን እንደያዘች ቀና አለች። «እኔ ሴት ነኝ። ልትሰድበኝ ከፈለግህ እንኳ ‹ምን አገባሽ› ነው የሚባለው።»

«ኧረ በማርያም!» ወጣቱ የሚገባበት ጠፋው። «የውሻው ስም ነው! ምን አገባህ ነው የሚባል!»

ሰልፈኛው በሳቅ ፈነዳ። የስሙን ታሪክ ከእሷ በቀር የማያውቅ አልነበረማ። የወጣቱ አባት አቶ ይግዛው፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ከጎረቤታቸው ከአቶ ያርጋል ጋር በድንበር ሲከራከሩ፣ ያርጋል «ውሻ ምን አገባው ከእርሻ» ብለው ተረቱባቸው። ይግዛው አልመለሱም። ሄደው ቡችላ አመጡና ስሙን «ምን አገባህ» አሉት። ከዚያ ወዲያ ጠዋት ማታ ድንበሩ ላይ ቆመው፣ ፊታቸውን ወደ ያርጋል እርሻ አዙረው፣ ውሻቸውን በታላቅ ድምፅ ይጠሩ ጀመር። የሚያስከስስ ነገር የለበትም። ሰው ውሻውን መጥራት መብቱ ነው።

ሠርካለም እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ሳቋን ስትጨርስ ወጣቱ አሁንም እያያት ነበር።

«አንተስ ማን ትባላለህ?»

«የሺዋስ።»

«ለክትባቱ ነው የጠየቅሁህ።»

«እኔም ለክትባቱ ብየ ነው የነገርኩሽ» አለ የሺዋስ። ሁለቱም ውሻውን እያዩ ፈገግ አሉ።

የሺዋስ በቅሎ ነጂ ነው። ቱሪስት ሲመጣ ጓዙን ጭኖ ከደባርቅ ሳንቃ በር፣ አንዳንዴም ከዚያ አልፎ ይወጣል። ከዚያ ቀን በኋላ በቅሎው መታመም አበዛች። ጀርባዋ ተላጠ ተባለ። ጀርባዋ ሲድን ኮቴዋ ሆነ። ኮቴዋ ሲድን «ዛሬስ ዐይኗ አላማረኝም» ብሎ መጣ። ጤነኛ በቅሎ እየጎተተ ክሊኒክ የሚመላለስ ሰው ደባርቅ ከዚያ በፊት አይቶ አያውቅም። ሠርካለምም የበቅሎዋን ዐይን በጥንቃቄ ታየዋለች፣ ከዚያ የባለቤቱን።

ሁዳዴ ሲጋመስ የሺዋስ የልቡን ነገራት። «ከፋሲካ በኋላ አባትሽ ዘንድ ሽማግሌ ልላክ?»

ሠርካለም የበቅሎዋን ጋማ ደባበሰች። «እናትህስ?» አለች።

የሺዋስ ጎንበስ ብሎ ደኅና የነበረውን የበቅሎዋን ኮቴ ማየት ጀመረ። መልሱ ያ ነበር።

እማማ ማንጠግቦሽ ክፉ ሰው አይደሉም። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ይኸን አንድ ልጅ ይዘው፣ በጎቻቸውን እየጠበቁ፣ ቤታቸውን ቀጥ አድርገው የያዙ ሴት ናቸው። ሠርካለምን አይተዋት አያውቁም፤ ስለ ሥራዋ ግን ሰምተዋል። «ልጅቱን አልጠላኋትም» አሉት ልጃቸውን። «እጇን ነው። የውሻ ኋላ ሲነካካ የሚውል እጅ ነው ወይ ሊጥ የሚያቦካልኝ? እኔ ሳልፈቅድ ደግሞ ሽማግሌ የሚባል ነገር ከዚህ ቤት አይወጣም።»

ውሻ ጠልተው ግን አይደለም። ምን አገባህን በእጃቸው ነክተውት ባያውቁም፣ እሱ ሳይበላ በልተው አያውቁም። ማታ ማታ ደጃፉ ላይ ቆመው «ምን አገባህ!» ብለው ሲጠሩት የሟቹ ድምፅ ከእሳቸው ጋር አብሮ የሚወጣ ይመስላቸዋል። ይኸን ለማንም አልተናገሩም። ልጃቸው ግን ያውቃል።

ፋሲካ መጣ። ሁዳዴን ሙሉ የሰው ትራፊ እየበላ ሳይወድ በግድ የጾመው ምን አገባህ፣ በአንድ ጊዜ የመንደሩ አጥንት ሁሉ ወረደለት። የታረደው በግ ብዙ ነው፣ ደጃፉ ሁሉ ክፍት ነው፣ የሚከለክለውም የለም። እስኪጠግብ ቆረጠመ፣ ከጠገበም በኋላ ቆረጠመ። ከዚያ መብላት አቆመ። ጓሮ ሄዶ ጀርባውን አጉብጦ ያምጣል፣ ምንም ሳይወጣው ይመለሳል። የሺዋስ በበቅሎ ጭኖ ደባርቅ አወረደው። ያን ቀን የታመመችው በቅሎዋ አልነበረችም።

ሠርካለም ሆዱን ዳበሰችው። «አጥንት ነው። ሆዱ ውስጥ ገብቶ እንደ ኖራ ደርቋል። ያዘው፣ አናግረው።»

ጓንቷን አጠለቀች። በለብታ ውኃና በዘይት፣ ቀስ እያለች፣ እያባበለችው፣ የደረቀውን እየፈረፈረች አወጣችለት። ውሻው ቃተተ፣ ግን አልነከሳትም። የሺዋስ ጭንቅላቱን ይዞ እጆቿን ያያል። እንዲህ ያለ የዋህ እጅ አይቶ እንደማያውቅ ተሰማው።

«እናትህ ስለዚህ እጅ ያሉትን ሰምቻለሁ» አለች ቀና ሳትል። «ደባርቅ ትንሽ ከተማ ናት።»

«ሠርኬ...»

«አልተቀየምኩም። ውሻቸው ድኖ ይገባላቸዋል። ነገ ጧት ተመለስና ምን እንደምታበሉት በደንብ እነግርሃለሁ።»

«ነገ ጎሕ ሲቀድ እንግዶች ይዤ ሳንቃ በር ልወጣ ነው።»

«እንግዲያው ለእናትህ እደውላለሁ» አለች። ይኸን ስትል ልቧ ደነገጠ። ከእማማ ማንጠግቦሽ ጋር ስትነጋገር የመጀመሪያዋ ነው።

ይኸ ሁሉ ጣጣ የመጣው ከዚያ ድንጋጤ ነው። ሠርካለም በሌላ ቀን ቢሆን «ፉርሽካ ስጡት፣ ተልባ ዘፍዝፉለት» ብላ ትጨርሰው ነበር። ለእሳቸው ግን እንደ ተማረ ሰው፣ ጥሩ አማርኛ መርጣ ልትናገር ፈለገች። ስትለማመደው አደረች ማለት ይቻላል።

እማማ ማንጠግቦሽም በማግስቱ ኔትወርክ ከሚይዝበት ድንጋይ ላይ ወጥተው፣ ነፋሱ ነጠላቸውን እየገፈፈ፣ ስልኩን ጆሯቸው ላይ ለጠፉ።

«ጤና ይስጥልኝ እማማ። ሠርካለም ነኝ፣ ከክሊኒኩ።»

«ደኅና ነሽ።» ‹ልጀ› አላሉም።

«ምን አገባህ አሰር ያስፈልገዋል። አሰር ካላገኘ ሆዱ አይፈታም። በአንዴ እንዳያበዙበት ብቻ። ጧት ትንሽ፣ ማታ ትንሽ እያሉ ይጀምሩና ከቀን ወደ ቀን ይጨምሩለት።»

ነፋሱ አፏጨ። «እስር ነው ያልሽኝ?» አሉ እማማ ማንጠግቦሽ።

«አዎ እማማ፣ አሰር!» አለች ሠርካለም፣ ስለገባቸው ደስ ብሏት። «ውኃ ደግሞ...» መስመሩ ተቋረጠ።

እማማ ማንጠግቦሽ ስልኩን ከጆሯቸው አወረዱ። «ሆዱ እንዲፈታ አንገቱ ይታሰር?» አሉ ለራሳቸው። ነገሩ አልተዋጠላቸውም። ግን ሐኪም ናት። ቢጠሏትም ሐኪም ናት፤ ያ ውሻ ደግሞ እንዲሞትባቸው አይፈልጉም። ገብተው የባላቸውን ጠፍር ከግድግዳው አወረዱ፣ ግቢው መሐል ችካል ተከሉ፣ ተወልዶ ታስሮ የማያውቀውን ውሻ፣ በእጃቸው ሳይነኩት፣ የጠፍሩን ሸምቀቆ አንገቱ ላይ ጥለው አሰሩት። ጧት ትንሽ፣ ማታ ትንሽ። ከዚያ እንደታዘዙት ጨመሩ፣ ቀኑን ሙሉ እስኪሆን።

ምን አገባህ ለመጀመሪያ ጊዜ በጎቹ ሳይከተላቸው ሲወጡ አየ። ጮኸ፣ ጠፍሩን ጎተተ፣ ሲሰለቸው ተኛ። የቀረበለትን አልቀመሰም፣ ውኃውንም ደፋው። ሆዱ ተመልሶ ደረቀ።

የሺዋስ ከሳንቃ በር ሲመለስ ያገኘው ይኸንን ነው። አንገቱ የተላጠ ውሻና ዐይናቸው ያበጠ እናት።

«ማን ነው ያሰረው?»

«ያች ዶክተርህ ናት! ያለችኝን አደረግሁ፣ ይኸው እየሞተብኝ ነው። አባትህ ትቶልኝ የሄደው ይኸው ብቻ ነበር» አሉና ነጠላቸውን ዐይናቸው ላይ ጣሉ።

የሺዋስ ጓዙን እንኳ ሳያራግፍ ተመልሶ ደባርቅ ወረደ። ሠርካለም ክሊኒኩ በር ላይ ስታየው ፊቷ በራ፤ የሱን ፊት ስታይ ደግሞ ጠፋ።

«እሰሩት ያልሽው አንቺ ነሽ?»

«ማንን?»

«ውሻውን! እየሞተ ነው፣ ሠርካለም። እናቴን ‹እሰሪው› ብለሻታል።»

«እኔ? ውሻ የሆድ ድርቀት ሲይዘው እሰሩት የሚል ሐኪም የት አገር አለ? እንዲያውም መሮጥ ነው ያለበት!»

«እናቴ አትዋሽም።»

ሠርካለም ቀስ ብላ ጠየቀችው። «እኔስ?»

በዚህ ጊዜ የሺዋስ መመለስ ነበረበት። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። እሱ ግን ቦት ጫማዋን ዐየ፣ አስፋልቱን ዐየ፣ መልሱን እዚያ የጣለው ይመስል። 

«ሂድ» አለችው። ሄደ።

ሠርካለም ገብታ በሩን ዘጋችና አለቀሰች። ስታለቅስ ንዴቷም፣ ፍቅሯም፣ ለሽማግሌ ቀን ያየችው ቀሚስም አብረው መጡባት። ኋላ ፊቷን ታጠበች። «ከሰዎቹ ጋር ተጣላሁ እንጂ ከውሻው ጋር አልተጣላሁም» አለች ለራሷ። በማግስቱ ጧት ተልባ፣ ፉርሽካና አንድ ዱባ በከረጢት ይዛ፣ ወደ ላይ በምትወጣ አይሱዙ ተሳፍራ መንደሩ ደረሰች።

እማማ ማንጠግቦሽ ግቢው በር ላይ አገኟት፤ አይተዋት ባያውቁም ከቦት ጫማዋ ማን እንደሆነች ለዩ። «ምን ቀረሽ?»

«ውሻው ቀረኝ።» ከትከሻቸው በላይ አየችው። ችካሉን፣ ጠፍሩን፣ የተላጠውን አንገት። «ኧረ እማማ! ማን ነው እንዲህ ያሰረው?»

«በገዛ አፍሽ ያዘዝሽ አንች ነሻ! በሕይወቴ እንዲህ ያለ ዐይን ያወጣ ነገር...»

የሺዋስ ከጋጣው ወጥቶ በመሐላቸው ቆመ። ሠርካለም አላየችውም።

«ያልኩዎትን፣ ልክ እንዳልኩት፣ ይድገሙልኝ» አለች።

እማማ ማንጠግቦሽ ወገባቸውን ቀና አደረጉ። ልክ እንደ እሷ፣ የከተማ ሰው ሆነው፣ ቃል በቃል ወጡት። «‹ምን አገባህ እስር ያስፈልገዋል። እስር ካላገኘ ሆዱ አይፈታም። ጧት ትንሽ፣ ማታ ትንሽ፣ ከቀን ወደ ቀን ይጨምሩለት።› ዋሸሁ?»

ሠርካለም አፏን በእጇ ያዘች። «አሰር» አለች በጣቶቿ መሐል። «እማማ... አሰር ነው ያልኩት።»

«የምን አሰር?»

«ከእህሉ የሚቀረው፣ ገለባው፣ ቅርፊቱ! ፉርሽካ፣ ተልባ፣ ዱባ! ሆድ የሚጠርገው! በአንዴ ከበዛ ይነፋዋልና ጧት ትንሽ፣ ማታ ትንሽ አልኩዎት።»

 እማማ ማንጠግቦሽ ውሻውን አዩ፣ ችካሉን አዩ።

«ታዲያ ፉርሽካ ከሆነ ፉርሽካ አትይም ነበር?»

«እንዲወዱኝ ብየ ነው!» አለች ሠርካለም፣ ድምፅዋ ተሰብሮ። «የተማረች፣ ጨዋ ልጅ ናት እንዲሉኝ። ቃል መርጬ ነው የደወልኩት።»

መጀመሪያ የሳቀው የሺዋስ ነው፤ ሳቁን አፍኖ መያዝ አቅቶት። እናቱ ሊቆጡት ዞሩ፣ ግን ከንፈራቸው አልታዘዘም። «ሆዱ እንዲፈታ አንገቱን!» አሉና ችካሉ ላይ እጃቸውን አሳርፈው በሳቅ ተንፈራፈሩ። ሠርካለም እያለቀሰች ሳቀች።

«በሉ፣ ሳቁ ይቆየን» አለች እንባዋን ጠርጋ። «በዚህ ድርቀት ላይ አሰር ብቻ መጫን መግደል ነው። መጀመሪያ ውኃ። ለብ ያለ ውኃና ዘይት አምጡልኝ። ጭንቅላቱን የሚይዝልኝስ?»

የሺዋስ ሊንበረከክ ሲል እማማ ማንጠግቦሽ በክንዳቸው ገፋ አደረጉት። ተቀመጡ። እነዚያ ውሻ ነክተው የማያውቁ እጆች የምን አገባህን ጭንቅላት ታቀፉ። «አይዞህ» አሉት። «አይዞህ የኔ ጌታ። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ሠርካለም የጀመረችውን ጨረሰች። ከዚያ ውሻው ብዙ ውኃ እስኪጠጣ ጠበቀችው፤ በመጨረሻም ሲዘፈዘፍ የቆየውን ተልባ ከተፈጨ ዱባ ጋር ለውሳ በእጇ አላሰችው። «አሁን ይፈታ» አለች። «ይሂድ፣ ይዙር። ሆድ የሚሠራው እግር ሲሠራ ነው።»

የሺዋስ ጠፍሩን ፈታ። ምን አገባህ ተንገዳገደ፣ ራሱን አራገፈ፣ ከግቢው ወጣ። ሦስቱም ከኋላው ተከተሉት፣ ንግሥ የሚያጅቡ ይመስል። በጎቹን ቃኘ፣ ቁጥቋጦውን አሸተተ፣ ቆመ፣ ሄደ። ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ቀጥ ብሎ ድንበሩ ላይ ደረሰ። ድንበሩንም አለፈ። የአቶ ያርጋል እርሻ መሐል ጀርባውን አጎበጠ።

ሦስቱ ሰዎች አንገታቸውን አሰገጉ።

ከዚያ ተገላገለ። በአገሩ እንዲህ በጉጉት የታየ ነገር የለም።

«ኧረ እናንተ ሰዎች!» ሽማግሌው ያርጋል ከማሳቸው ጫፍ ብቅ አሉ። «እርሻየ ላይ ምን ሲያደርግ ነው?»

እማማ ማንጠግቦሽ ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው መለሱ፣ እንደ ባላቸው ድንበሩ ላይ ቆሙ፣ የባላቸውን በሚያህል ድምፅ ተጣሩ።

«ምን አገባህ!»

ያርጋል መሰደባቸውን ወይም ውሻ መጠራቱን ሳይለዩ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። ውሻው ጭራውን እየቆላ እየሮጠ መጣ። እማማ ማንጠግቦሽ ሳቁ፣ እየሳቁ እንባቸው ወረደ። «ይግዛው ይኸን ባየ» አሉ።

ቤት ሲመለሱ ማሰሮ ውኃ ይዘው ወጡ። «እጅሽን አምጭ» አሏት ሠርካለምን። ሳሙናውን ሰጧት፣ ውኃውን ራሳቸው አፈሰሱላት፣ አንድ ጊዜ ታጥባ ስትጨርስ እንደገና አፈሰሱላት። ከዚያ ማሰሮውን ተቀበለችና እሷም አስታጠበቻቸው። ገብተው ሲቀመጡ እማማ ማንጠግቦሽ ድፎውን ፊቷ አኖሩ።

«ቁረሽልን» አሉ።

ሠርካለም በዚያ እጇ ቆረሰች። የመጀመሪያውን ቁራሽ የተቀበሉት እሳቸው ናቸው። አጣጥመው በሉት።

የሺዋስ እስከ መኪናው ሸኛት።  አይሱዙው ጥሩምባ ሲነፋ፣ «አንችም አትዋሽም» አላት። «ያን ቀን ልመልስልሽ የሚገባኝ ይኸን ነበር። ይቅር በይኝ።»

«ዘግይተሃል» አለችው ሠርካለም። ግን እጇን ከእጁ አላወጣችም፣ ሾፌሩ ሁለተኛ እስኪነፋ ድረስ።

ምን አገባህ በተልባና በፉርሽካ ሆዱ ተስተካክሎ ከበጎቹ ኋላ መውጣት በጀመረበት ሰሞን፣ የክሊኒኩ ስልክ ጠራ። ሠርካለም አነሣችው። ነፋስ ያፏጫል።

«ልጀ!» አሉ እማማ ማንጠግቦሽ። «ድንጋዩ ላይ ነኝ። ይሰማሻል?»

«ይሰማኛል እማማ። ምን አገባህ ታመመ?»

«እሱስ ደኅና ነው። የታመመው የሺዋስ ነው። አይበላም፣ በቅሎዋን ይዞ ደባርቅ ደባርቅ ይላል። እንግዲህ ኋላ አሳስቼ ሰማሁዎት እንዳትይ ጥርት አድርጌ ልንገርሽ፤ ይኸ ልጅ እስር ያስፈልገዋል።»

ሠርካለም ወንበሩን ፈልጋ ተቀመጠች። «አሰር ነው ያሉኝ እማማ?»

«እስር! እስር ነው ያልኩሽ! ሽማግሌዎቹ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ዳባት ይወርዳሉ፣ አባትሽ ቤት ይውላሉ። ቃል ይታሰራል።»

ሠርካለም ስልኩን በሁለት እጇ ያዘች። «በአንዴ ነው ወይስ ጧት ትንሽ፣ ማታ ትንሽ?»

ነፋሱ አፏጨ።

«ይኸኛውስ በአንዴ ነው ልጀ» አሉ እማማ ማንጠግቦሽ። «ደግሞም አይፈታም።»